ሰርገኛ መጣ፣ ባርኔጣው ግን የለም፦ በለንደን 22 ጊዜ ብቻ የታየ አስቂኝ ኦፔራ የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 1892 ምሽት፣ በለንደን ፒካዲሊ አደባባይ በሚገኘው ክራይቴሪየን ትያትር ቤት «ወደ ሰርጉ ፍጠኑ» የተባለ ባለ ሦስት ገቢር አስቂኝ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ በቃ። ቃለ ተውኔቱንና የዘፈኖቹን ግጥም የጻፈው በዘመኑ የእንግሊዝ የኮሜዲ መድረክ ላይ ስሙ እጅግ የገነነው ዊልያም ሽዌንክ ጊልበርት ነበር። ዜማውን የደረሰው ደግሞ ከ1877 እስከ 1889 ድረስ በዚያው በጊልበርት ኦፔራዎች ውስጥ አስቂኝ ገጸ ባሕርያትን በመጫወት የለንደን ሕዝብ የለመደውና የወደደው ተዋናይ ጆርጅ ግሮስሚዝ ነው። ታሪኩም ቢሆን ያልተፈተነ አልነበረም፤ ከአርባ አንድ ዓመት በፊት ፓሪስን በሳቅ ካፈረሰ ተውኔት የተወሰደ ሲሆን፣ ጊልበርት ራሱ በ1873 ያንኑ ታሪክ በንግግር ተውኔት መልክ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት የለንደን ተመልካች ወዶለታል። ይህ ሁሉ እያለ ግን ኦፔራው ኦገስት 20 ቀን ከመድረክ ወረደ። በጠቅላላው የታየው 22 ጊዜ ብቻ ነበር።

ደራሲው የተመሰከረለት፣ ዜማ ደራሲው የሚወደድ፣ ታሪኩም በሁለት አገርና በሁለት ቋንቋ የተሳካ ሆኖ ሳለ ሙዚቃ ሲጨመርበት ሥራው ለምን እንደ ወደቀ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የተለመደው መልስ የጊልበርት የዘወትር የዜማ ሸሪክ የነበረው አርተር «ሰሊቫን ስላልነበረበት ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ሐሰት ነው ባይባልም ጉዳዩን ሳይመረምር ይዘጋዋል። ምክንያቱን ለማግኘት መጀመሪያ ወደ ፈረንሳዩ ተውኔት ወርዶ የሳቁ መዘውር እንዴት እንደሚዞር በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። (ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረሱ የበላው ባርኔጣ

«የጣሊያን ገለባ ባርኔጣ» የተባለው ባለ አምስት ገቢር ተውኔት ኦገስት 14 ቀን 1851 በፓሪስ በፓሌ ሮያል ትያትር ቤት ታየ። ደራሲዎቹ ዩጂን ላቢሽና ማርክ ሚሼል ነበሩ። የትያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ተውኔቱ ይወድቃል ብሎ ስለ ፈራ የመጀመሪያውን ምሽት ላለማየት ከከተማ ወጥቶ ሄደ እየተባለ ይነገራል። የፈራው ግን አልደረሰም፤ ላቢሽም ኋላ በ1880 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል እስከ መሆን ደርሷል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ሙሽራ ፈረስ ነው። ፋዲናር የተባለው ሙሽራ በሰርጉ ዕለት ማለዳ በቬንሴን ጫካ በኩል ወደ ቤቱ ሲመለስ ፈረሱ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ያገኘውን የሴት ገለባ ባርኔጣ ይበላል። የባርኔጣዋ ባለቤት አናኢስ ባለትዳር ናት፤ በዚያ ሰዓት ጫካው ውስጥ የነበረችው ደግሞ ኤሚል ከተባለ የጦር መኮንን ጋር ነው። ባልዋ እጅግ ቀናተኛ በመሆኑ ያለ ባርኔጣዋ ቤቷ መግባት አትችልም። ስለዚህ ሁለቱ ሙሽራውን ተከትለው ከቤቱ ይገባሉ፤ ልክ ያንን የሚመስል ባርኔጣ እስኪያመጣ ድረስ አንወጣም ብለውም ይቀመጣሉ። በዚያው ቅጽበት ሰርገኛው በር ላይ ደርሷል። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው የአገራችን ተረት ያልተዘጋጀውን ቤተ ዘመድ ይተርባል፤ እዚህ ግን ያልተዘጋጀው ሙሽራው ራሱ ነው፣ የጎደለውም በርበሬ ሳይሆን ባርኔጣ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ነው። ፋዲናር ባርኔጣ ፍለጋ ይሮጣል፤ ሙሽሪት፣ አማት፣ አጎትና የአጎት ልጅ፣ ዘመድ አዝማድ በሙሉ ደግሞ ወደ ሰርጉ ሥነ ሥርዓት የሚወስዳቸው መስሏቸው በተከራዩ ሠረገላዎች ይከተሉታል። በገባበት ሁሉ ይገባሉ፣ የገቡበትንም ቦታ ሁልጊዜ ይሳሳቱታል። የሴቶች ባርኔጣ መሥሪያ ቤት ሲገቡ ማዘጋጃ ቤት የደረሱ መስሏቸው የሱቁን ሒሳብ ጸሐፊ ታርዲቮን ከንቲባው ነው ብለው ያሳድዱታል። የሱቁ ባለቤት ክላራ ደግሞ ፋዲናር ቀደም ሲል አገባሻለሁ ብሎ የተዋት ሴት ናት። ባርኔጣው የተሸጠላት የሻምፒኚ ባሮነስ ቤት ሲደርሱ፣ እዚያ የተዘጋጀውን ግብዣ የሰርግ ምሳ አድርገውት ቁጭ ብለው ይበላሉ፤ ሙሽራው በበኩሉ ባሮነሷ ስትጠብቀው የነበረው ጣሊያናዊ ዘፋኝ ኒስናርዲ ተደርጎ ይወሰዳል። ባሮነሷ ባርኔጣውን ለክርስትና ልጇ ሰጥታዋለችና ፋዲናር ወደዚያች ሴት ቤት ይሮጣል፤ የሚያገኘው ግን እግሩን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ የተቀመጠ ቦፔርቱዊ የተባለ ባል ነው። ሚስቱ ከማለዳ ጀምሮ አልተመለሰችም። ፋዲናር ከተማውን ያካለለው ፈረሱ የበላውን ያንኑ ባርኔጣ ፍለጋ እንደ ነበረ፣ አሁን የቆመውም በአናኢስ ባል ፊት እንደ ሆነ የሚገነዘበው እዚህ ላይ ነው። ሰርገኛው በዚህ ጊዜ ይህን ቤት የሙሽራው ቤት አድርጎት ሙሽሪትን ለማስተኛት እየተሰናዳ ነው።

ወደ መጨረሻው ስንመጣ፣ ደንቆሮው አጎት ቬዚኔ ለሙሽሪት ብሎ ከማለዳ ጀምሮ ያመጣው የስጦታ ሣጥን ውስጥ ያለው ነገር የፍሎረንስ ገለባ ባርኔጣ ሆኖ ይገኛል። ሲፈለግ የዋለው ነገር አቻው ገና በመጀመሪያው ገቢር ከሙሽራው ቤት ገብቶ ነበር ማለት ነው። ሌሊት፣ በአደባባይ፣ ሰርገኛው በሙሉ በዘብ ጣቢያ ተይዞ ሳለ ባርኔጣው በመስኮት ተወርውሮ የመንገድ ፋኖስ ላይ ይንጠለጠላል፤ በመጨረሻ ባልዬው ከመድረሱ ጋር ወርዶ ከአናኢስ ራስ ላይ ያርፋል። ከዚያ ተቆጥታ የምትናገረው እርሷ ናት።

ለዚህ ጥናት የሚያስፈልጉ ሁለት ነገሮች እዚህ አሉ። የመጀመሪያው ሰርገኛው የተሠራበት መንገድ ነው። አማትየው ኖናንኩር ችግኝ አፍዪ ነው፤ ልጁ በተወለደችበት ቀን የተከለውን ባርሰነት ከነማሰሮው ታቅፎ ይዞራል፣ አዲሱ ጫማው ይጨመድደዋል፣ በየደረሰበትም «ጋብቻው ፈርሷል!» እያለ ይጮኻል። ሙሽሪት ጀርባዋ ውስጥ የገባች መርፌ ቁልፍ ትወጋታለች። አጎትየው አይሰማም። እነዚህ ሰዎች በራሳቸው ላይ ላዩን ብቻ የተነደፉ ናቸው፤ የሚያስቁት ግን ፈጽሞ መምጣት በሌለባቸው ሰዓት ስለሚመጡ ነው። በር በተከፈተ ቁጥር ተመልካቹ «አሁን ደግሞ እንዳይመጡ» ብሎ ከሙሽራው ጋር ይሳቀቃል፤ እነርሱም ይመጣሉ። ሳቁ የሚፈነዳው ከዚያ መሳቀቅ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዘፈኑ ነው። ተውኔቱ በዘመኑ ስያሜ ቮድቪል ነው፤ ማለትም በንግግሩ መካከል አጫጭር ስንኞች ይዘፈናሉ። የሚዘፈኑት ግን በአብዛኛው አዲስ በተደረሰ ሙዚቃ ሳይሆን ሕዝቡ ቀድሞ በሚያውቃቸው ዜማዎች ነው፤ አዝማሪ በለመደው ዜማ ላይ የዕለቱን ግጥም እንደሚያስገባው ዓይነት። ዜማው የታወቀ ስለ ሆነ ማንም ለዜማው ብሎ ጆሮውን አይሰጥም፤ ስንኙ ከንግግሩ ተነስቶ በጥቂት መስመር ያልቅና ሩጫው ይቀጥላል። ስለዚህ ላቢሽን «ወደ ሙዚቃ መመለስ» አዲስ ሐሳብ አልነበረም፤ ሙዚቃ ከመነሻው ነበረበት። ጥያቄው ምን ዓይነት ሙዚቃ፣ ምን ያህል፣ በየትኛውስ ቦታ የሚለው ነው።

ባሕሩን ሲሻገር

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የለንደን ትያትር ቤቶች ከፓሪስ በመጣ ተውኔት ይኖሩ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። ሕጉም ይረዳቸው ነበር። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር የደራሲነት መብት ስምምነት ካደረገች በኋላ የወጣው የ1852 ሕግ፣ ቀጥተኛ ትርጉምን ሲከለክል «ተገቢ ማስመሰልና ውርስ ትርጉም» ለእንግሊዝ መድረክ እስከ ተሠራ ድረስ ፈቅዶ ነበር። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የሚያስችል ሕግ የወጣው በ1875 ነው። ጊልበርት ላቢሽን በእጁ ያስገባው ቀዳዳው ክፍት በነበረበት ጊዜ መሆኑ ነው።

ሌላው ሕግ ግን አያመችም ነበር። በ1843ቱ የትያትር ሕግ መሠረት ማንኛውም አዲስ ተውኔት ለመድረክ ከመብቃቱ በፊት የቤተ መንግሥቱ ሹም የሎርድ ቻምበርሊን ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ይህ ሳንሱር የተነሣው በ1968 ነው። ጊልበርት የዚህን ጽሕፈት ቤት ክንድ በዚያው በ1873 መጋቢት ላይ ቀምሶታል፤ በስውር ስም አብሮ የጻፈው አንድ ፖለቲካዊ ቧልት ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተንንና ሁለት ሚኒስትሮቹን በሚመስሉ ተዋንያን ስለ ታየ ፈቃዱ ተነጥቆ ነበር። በጫካ ውስጥ ከመኮንን ጋር የተገኘች ባለትዳር ታሪክ በፓሪስ እንደ ተነገረው በግልጽ በለንደን ሊነገር አይችልም። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ተርጓሚዎች እንዲህ ያለውን ነገር ወይ ያለሰልሱታል፣ ወይ ያደበዝዙታል፣ አለበለዚያም ውሽማውን የአክስት ልጅ ያደርጉታል።

ይህ ለሥነ ምግባር የሚበጀውን ያህል ፌዝ ድራማን፣ ማለትም በሩጫና በስሕተት የሚያስቅን ተውኔት፣ ይጎዳል። የባርኔጣው ክብደት ያለው በአናኢስ ፍርሃት ውስጥ ነው፤ ፍርሃቱ ከቀለለ ሙሽራው ለምን ሰርጉን ጥሎ እንደሚሮጥ ማመን ያዳግታል። ጊልበርት የቀለለውን ክብደት ለመተካት የሞከረው በስም አወጣጥና በቧልት ይመስለኛል። «የሰርግ ጉዞ» ብሎ በሰየመው ትርጉሙ ውስጥ ሙሽራው ውድፔከር ታፒንግ ይባላል፤ ግንደ ቆርቁር የተባለችው ወፍ ስም ሲሆን፣ የአባቱ ስም ደግሞ የምታሰማውን ኳ ኳታ ይጠራል። ቀናተኛው ባል ጄኔራል ባንተንደር ሲሆን ስሙ ውስጥ ነጎድጓድ አለ፤ አጎትየው ቦፓዲ፣ የሙሽሪት ዘመድ የሆነው ሞኝ ጎረምሳ ፉድል ይባላሉ። ስሞቹ ተመልካቹን ከመጀመሪያው «ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው፣ አትጨነቁ» ይሉታል። ላቢሽ በተቃራኒው ተመልካቹ እንዲጨነቅ ይፈልግ ነበር።

ቢሆንም ትርጉሙ ያዘ። ኖቬምበር 15 ቀን 1873 በኮርት ትያትር ቤት «ኤፍ. ላቱር ቶምላይን» በሚል የብዕር ስም ቀርቦ 90 ያህል ጊዜ ታየ፤ ለዘመኑ ይህ ደህና ዕድሜ ነው። ፍርሃቱ ቢቀንስም ሩጫው ሳይነካ ስለ ቀረ ተመልካቹን ለማሳቅ አላነሰውም።

ከምንጣፍ ጠብ እስከ ምድር ቤቱ ትያትር

ጊልበርት ይህን ሥራ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ለምን እንደ ገና አነሣው የሚለው ጥያቄ መልሱ በአንድ ምንጣፍ ይጀምራል። በ1890 ለሳቮይ ትያትር ቤት በተገዛ ምንጣፍ ወጪ ምክንያት ጊልበርት ከባለ ትያትሩ ሪቻርድ ዶይሊ ካርት ጋር ተጣላ፤ የዜማ ደራሲው አርተር ሰሊቫን ከካርት ወገን ቆመ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። 672 ጊዜ የታየውን «ሚካዶ»ን እና 554 ጊዜ የታየውን «ጎንዶላ ቀዛፊዎች»ን የወለደው ሽርክና ተቋረጠ። ጊልበርት ሌላ የዜማ ደራሲ መፈለግ ነበረበት።

መጀመሪያ ያገኘው አልፍሬድ ሴሊየርን ነው። በሁለቱ የተሠራው አስቂኝ ኦፔራ ጃንዋሪ 4 ቀን 1892 ሲከፈት ሴሊየር ከሳምንት በፊት በሞት ተለይቶ ነበር፤ ያም ሆኖ ኦፔራው 229 ጊዜ ታየ። ይህን ቁጥር አንባቢው ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ከወራት በኋላ ግሮስሚዝ ከጊልበርት ጋር ሠርቶ 22 ላይ ሲቆም «ሰሊቫን ስላልነበረ» የሚለው ማብራሪያ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ የሚያሳየው እርሱ ነውና።

ግሮስሚዝ የመረጠው መንገድ ከሴሊየር የተለየ ነበር። ወጣት ሳለ በለንደን ቦ ስትሪት ፍርድ ቤት የጋዜጣ ዘጋቢ የነበረ ሰው ነው። ኋላ በሳቮይ መድረክ ላይ ቃላትን እንደ በቆሎ ፈንድሻ እያፈነዳ በፍጥነት የሚዘፍናቸው ዘፈኖች ስሙን አስጠሩት። በ1889 ከሳቮይ ለቆ ብቻውን ከፒያኖው ጋር አዳራሽ ለአዳራሽ እየዞረ መጫወት ጀመረ። ዜማ መድረስ ያውቃል፤ በርካታ አስቂኝ ዘፈኖችና አጫጭር የመድረክ ሥራዎች ደርሷል። ሆኖም ዜማው የሚኖረው በራሱ ጣት፣ በራሱ ፊትና በራሱ ቅንድብ ነበር። ባለ ሦስት ገቢር ኦፔራ ከደረሳቸው ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ላይ እርሱ ራሱ መድረክ ላይ አልወጣም። ሙሽራውን የተጫወተው ፍራንክ ዋያት ነበር፤ አማትየው በዚህኛው ቅጂ ማጓየር ተብሎ በላዮኔል ብሩ ተሠራ። ፉድልን የተጫወተው ደግሞ የዜማ ደራሲው ልጅ፣ የ18 ዓመቱ ጆርጅ ግሮስሚዝ ትንሹ ነበር፤ የመጀመሪያ መድረኩ ነው።

ቤቱም የኦፔራ ቤት አልነበረም። ክራይቴሪየን በ1874 ከአንድ ትልቅ ምግብ ቤት ጋር አብሮ የተሠራ ትያትር ቤት ሲሆን አዳራሹ ከመሬት በታች ነው፤ በጋዝ መብራት ዘመን ተመልካቹ እንዳይታፈን አየር በመሣሪያ ይነፋ ነበር። አስተዳዳሪው ቻርልስ ዊንድሃም የፌዝ ድራማ ሊቅ ነበር፤ በዚሁ ቤት በ1877 ከፈረንሳይኛ የተተረጎመ አንድ ፌዝ ከ500 ጊዜ በላይ አሳይቷል። ተዋንያኑ እንደ እሳት የሚንቀሳቀሱበት፣ ተመልካቹ የተዋናዩን ዐይን የሚያይበት ጠባብ ቤት ነው። ለላቢሽ ንግግር ከዚህ የተሻለ ቤት አይገኝም ነበር፤ ለዘማሪ ጭፍራና ለኦርኬስትራ ግን ይጠባል።

ጊዜውስ? በጁላይ መጨረሻ የለንደን ሀብታም ወደ ገጠር ይወጣል፣ ኦገስት የትያትር ጾም ነው። በዚያ ላይ ያ ጁላይ ጠቅላላ ምርጫ የተካሄደበት ወር ነበር፤ በኦገስት አጋማሽ ግላድስተን ለአራተኛ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ወቅቱ ጎድቶታል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ወቅት ብቻውን የጣለው ሥራ ቢሆን ኖሮ ከተማው ሲመለስ የሚያነሣው አይጠፋም ነበር። ይህን ያነሣው የለም። ሕዝቡ የፌዝ ድራማ ሰልችቶታል እንዳይባል ደግሞ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 21 ቀን በለንደን የተከፈተው «የቻርሊ አክስት» የተባለ ንጹሕ የንግግር ፌዝ 1,466 ጊዜ ታየ። ሰው ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ እንዲያውም በሩጫና በስሕተት ላይ በቆመ ሳቅ።

ሰርገኛው ሲዘፍን

ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ጊልበርት ይህን ታሪክ ለኦፔራ መምረጡ በወረቀት ላይ ብልህነት ነበረው። የአስቂኝ ኦፔራ ዘወትራዊ ችግር የዘማሪው ጭፍራ ነው፦ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች መድረክ ላይ በየጊዜው ለምን እንደሚገቡ ምክንያት መፈለግ። መርከበኞች ናቸው ይባላል፣ የባላባት ጉባኤ ናቸው ይባላል፣ ተረቶች ይፈለሰፋሉ። በላቢሽ ተውኔት ግን ጭፍራው ታሪኩ ራሱ ነው። ሰርገኛው ሙሽራውን ይከተላል፤ ገብቶ መዝፈን ይችላል። ጊልበርት ይህን አይቶ እንዳልዘለለ እገምታለሁ።

ጉድጓዱም ያለው በዚሁ ነው። በንግግሩ ተውኔት የሰርገኛው መምጣት መቅሠፍት ነው፤ ሙሽራው አይፈልገውም፣ ተመልካቹም ለሙሽራው ሲል አይፈልገውም። በኦፔራ ግን የዘማሪ ጭፍራ መግባት በዓል ነው። ኦርኬስትራው ቀድሞ ያበሥራል፣ ተመልካቹ ወንበሩን አስተካክሎ ዜማውን ይጠብቃል፣ ዘፈኑ ሲያልቅም ያጨበጭባል፤ ከወደደው እንዲደገምለት ይጠይቃል። በዘመኑ ልማድ ደስ ያለ ዘፈን ሁለቴ ሦስቴ ይደገም ነበር። መቅሠፍቱ በሙዚቃ ታውጆ ሲመጣ፣ ተጨብጭቦለት ሲደገምም መቅሠፍትነቱ ቀረ። «እንዳይመጡ» ሲል የነበረው ተመልካች «ይምጡልን» ብሏል፤ ያን ጊዜ ከሙሽራው ጋር ሳይሆን ከሰርገኛው ጋር ወግኗል። ሙሽራው ብቻውን ቀረ፣ ከእርሱ ጋር የሚሳቀቅ የለም።

ይህ ለአማትየውም ይሠራል። «ጋብቻው ፈርሷል!» የሚለው ጩኸት የሚያስቀው ሳይታሰብ፣ ባጭሩ፣ በማይሆን ሰዓት ሲወጣ ነው። በዜማ ውስጥ የሚደጋገም ነገር ግን አዝማች ነው፤ አዝማች ደግሞ መምጣቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው። ሙዚቃ ድግግሞሽን ያስደስታል፣ ፌዝ ግን ድግግሞሽን ያስፈራል። ሁለቱን በአንድ ቦታ ለማኖር ሙዚቃው እንደ ቀድሞው ቮድቪል ማጠር ነበረበት፤ አስቂኝ ኦፔራ ግን በ1892 የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ የመግቢያ መዝሙር፣ የፍቅር ዘፈን፣ የፈጣን ቃላት ዘፈን፣ በየገቢሩ መጨረሻ ረጅም የኅብረት ድምፅ። ገንዘብ ከፍሎ የገባ ሰው እነዚህን ይጠብቃል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሥራ አብሮ ቢታይ ነገሩ ይጠራል። ሰሊቫን በ1866፣ ገና ከጊልበርት ጋር ሳይገናኝ፣ ከፍራንሲስ በርናንድ ጋር «ኮክስ እና ቦክስ» የተባለች አንድ ገቢር ኦፔራ ሠርቶ ነበር። መነሻዋ በ1847 በለንደን የታየ የጆን ማዲሰን ሞርተን ፌዝ ሲሆን፣ ያ ፌዝ ራሱ ከፈረንሳይ ፌዞች የተቀዳ ነው፤ ከምንጮቹ አንዱም የዚያው የላቢሽ እጅ ያለበት ነው። አከራዩ አንዲቱን ክፍል ቀን ለሚተኛ አታሚና ሌሊት ለሚተኛ ባርኔጣ ሠሪ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ያከራያል፤ ባርኔጣ ሠሪው አንድ ቀን ፈቃድ አግኝቶ ቀደም ብሎ ሲመለስ ነገሩ ይፈነዳል። አስቀድሞ ሥራዋ ለወንዶች ብቻ ማኅበር ስለ ተዘጋጀች በሞርተን ተውኔት ሴት የነበረችው አከራይ ጡረተኛ ሻምበል ባሻ ሆነች፤ የለውጡ ምክንያት የተዋናይ እጥረት ነው፣ ውጤቱ ግን የወታደር መዝሙር የሚዘፍን አስቂኝ ሽማግሌ ሆነ። በዚህች ሥራ ውስጥ የዘማሪ ጭፍራ የለም፤ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አታሚው እሳት ላይ ለጣደው የአሳማ ሥጋ ቁራጭ እሹሩሩ ይዘፍንለታል፤ ዘፈኑ የሚመጣው ምንም የሚያስቸኩል ነገር በሌለበት፣ ሰውየው ሊተኛ በተዘጋጀበት ሰዓት ነው። ሩጫው ሲጀመር ዘፈኑ ያጥራል። ጨዋታው በአንድ ገቢር ያልቃል።

ይህን ኦፔራ በ1867 ለሕዝብ ሲታይ ከተቹት ሰዎች አንዱ ወጣቱ ጊልበርት ነበር። የሰሊቫን ሙዚቃ በብዙ ቦታ ከተጋባው የማይረባ ታሪክ ደረጃ እጅግ ከፍ ያለ ነው ሲል ጻፈ። ይህን ያስተዋለ ሰው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ እርሱ ራሱ ፌዝንና ሙዚቃን ሲያጋባ፣ የሙዚቃው ደረጃ ሳይሆን ርዝመቱና ቦታው እንደሚጥለው አላየም። ግሮስሚዝ ቀላል ዜማ የሚደርስ ሰው መሆኑ የመረጠው አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፤ ያ የቀድሞውን ወቀሳ ይመልሳል። የጨነቀውን ሙሽራ ግን ከዘፈኑ ቅለት ይልቅ የሚያድነው ዘፈኑ ቶሎ ማለቁ ነበር።

ጣሊያናዊው ኒኖ ሮታ ያንኑ የላቢሽ ተውኔት ሙሉ ኦፔራ አድርጎት በ1955 በፓሌርሞ ሲያሳይ ተሳክቶለታል፤ እስከ ዛሬም ይታያል። ሮታ ካደረጋቸው ለውጦች አንዱን ብቻ ልጥቀስ፦ በባሮነሷ ቤት የሚጠበቀው ጣሊያናዊ ዘፋኝ በእርሱ ኦፔራ ውስጥ ቫዮሊን ተጫዋች ሆኗል። ሁሉም ሰው በሚዘፍንበት መድረክ ላይ ዘፋኝ መሆን ልዩ ነገር አይደለም፤ ሙሽራው «ዘፋኝ ነህ» ተብሎ ቢያዝ ምን ያስደነግጠዋል? ቫዮሊን ግን አይችልም። ሮታ ሙዚቃ ሲገባ የቀልዱ ሚዛን እንደሚዛባ ቀድሞ አስቦበታል።

ጊልበርትና ሰሊቫን ታርቀው በኦክቶበር 1893 ሳቮይ ላይ አብረው ሠሩ፤ ላቢሽ ግን ወደ ጊልበርት ጠረጴዛ አልተመለሰም። ግሮስሚዝ ወደ ፒያኖው ተመለሰ። ፉድልን የተጫወተው ልጁ በኖቬምበር 1894 በጌይቲ ትያትር ቤት የተከፈተ አዲስ ዓይነት ሥራ ውስጥ ገባ፤ በዘመኑ ልብስ የሚጫወት፣ ታሪኩ የላላ፣ ዘፈኖቹ እንደ ተገኙ የሚገቡና የሚወጡ «የሱቋ ልጅ» የተባለ የሙዚቃ ኮሜዲ ነበር። ከ500 ጊዜ በላይ ታየ።